ፎቶ የበላት ማሳ

እስከዳር ከሐምሌ ወዲህ ገዳሙ ለሚባለው ገበሬ ሦስት ደብዳቤ ጽፋለች። መልስ ያገኘችው በኅዳር መጨረሻ ነው፤ እሱም ከደብተር በተቀደደ ግማሽ ገጽ ላይ። የይጁቤው ሚኒባስ ረዳት ወረቀቱን በደረት ኪሱ አጣጥፎ ደብረ ማርቆስ ድረስ አመጣውና በፎቶ ቤቱ መስኮት አቀበላት። "ከገዳሙ ነው፤ ሰው የሞላ መኪና አቁሜ ነው የመጣሁት" ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ሮጠ።

ወረቀቱን ወዲያው አልከፈተችውም። የወደዱት ሰው ዝም ብሎ ሲከርም፣ ዝምታው ይለመድና መናገሩ ያስፈራል። መደርደሪያውን በጨርቅ ወለወለች፤ ሁለት ጉርድ ፎቶ ቆርጣ ለባለቤቱ ሰጠች። ከዚያ በኋላ ነው በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ ያነበበችው።

"እስከዳር፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማክሰኞ የታችኛዋ ማሳችን ጤፍ ይታጨዳል፤ ወንፈል ነው። ካሜራሽን ይዘሽ ብትመጪ ማንም አይከለክልሽም። ገዳሙ።"

አራት ጊዜ አነበበችው። "ብትመጪ ደስ ይለኛል" አላለም። "ናፍቀሽኛል" ማለት ደግሞ ድሮም ልማዱ አይደለም። ግን "ማንም አይከለክልሽም" ምን ማለት ነው? ግብዣ ነው ወይስ ስንብት?

"ገዳሙ? የነጩ በሬ ገዳሙ?" አለች መሲ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ብቅ ብላ። መሲ የፎቶ ቤቱ ባልደረባዋ ናት፤ የእስከዳርን ገጽ ከራሷ ከእስከዳር ይልቅ የምትከታተለው እሷ ነች። "እግዜር ራሱ ነው ያመጣልሽ! የአዲስ አበባዎቹ ዛሬም ደውለዋል እኮ።"

የአዲስ አበባዎቹ የምትላቸው አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሰዎችን ነው። እስከዳር በሐምሌ ያነሳችው ፎቶ ነገሩን ሁሉ ለውጦታል። ነጭ በሬ ከፊት፣ ጭቃው እየተፈናጠረ፣ በሬው ራሱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ከኋላ እርፉን የጨበጠ ጎልማሳ፣ በላዩ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ። ከዚያ በፊት ገጿ ላይ ሠላሳ ሰው ቢወድላት በዓል ነበር። ይህንን ፎቶ አርባ ሁለት ሺህ ሰው ወደደው። አሁን ድርጅቱ ለቀን መቁጠሪያ የሚሆኑ አሥራ ሁለት እንደዚያ ያሉ ፎቶዎች ይፈልጋል። ነጩ በሬ ከፊት እንዲሆን፣ ሰውየውም አዲስ ነጭ ጋቢ እንዲለብስ። ሥራው ካማረላቸው አዲስ አበባ ቋሚ ቦታ አለ። መሲ ጋቢውን ገዝታ፣ አጥፋ፣ በፌስታል አስቀምጣዋለች።

"እስከ ቅዳሜ ካላደረስን ለሌላ ይሰጡታል" አለች መሲ። "ማክሰኞ ትሄጂያለሽ፤ ታነሺያለሽ፤ ትመለሻለሽ። የልብሽን ጉዳይ እግረ መንገድሽን ትጨርሺዋለሽ።"

የልቧ ጉዳይ እግረ መንገድ የሚጨረስ አልነበረም። የተጀመረው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ነው። ይጁቤ ሠርግ አንስታ ስትመለስ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር ሞፈር ሲጠርቡ አይታ ሳትነግራቸው አነሳቻቸውና ፎቶውን አሳጥባ ላከችላቸው። መልስ የጻፈው ልጃቸው ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ እርሻው የተመለሰ። "አባቴ ፎቶውን አይቶ 'እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?' አለ። ሦስት ቀን ተቆጣ። በአራተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ሰቀለው" ይላል ደብዳቤው። ብቻዋን እስክታፍር ድረስ ሳቀች። በገዳሙ ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ነገራቸው በወረቀት ቀጠለ፤ በወረቀትም ሥር ሰደደ።

እናቷ አስተማሪ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አይተው እንዳላዩ ሲያልፉ ከርመው፣ አንድ ቀን ብቻ ተናገሩ። "ልጄ፣ ገበሬ በፎቶ ያምራል። ኑሮው ግን ፎቶ አይደለም።"

ሰኞ ማታ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ ጋቢውን ከታች፣ ካሜራውን ከላይ አደረገች። ከቦርሳው የውስጥ ኪስ አንድ ትንሽ ፎቶ ብቅ ብሎ ታያት። ለመሲ እንኳን ያላሳየችው፣ ትንሽ የደበዘዘ ፎቶ ነው። አወጣችው፤ አየችው፤ መለሰችው። ማክሰኞን ፈራችው፤ ደግሞም ቶሎ እንዲነጋላት ተመኘች።

ከይጁቤ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም፤ ቁልቁል የዓባይ በረሃ ጭጋጉን እንደለበሰ ነው። ማሳው ጋ ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር አጎንብሰው እያጨዱ ነበር። በዚያ አገር ወንፈል ማለት ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ ነው። የጉልበት ብድር በጉልበት እንጂ በሌላ በምንም አይመለስም።

"ጎበዝ፣ ፀጉራችሁን አበጥሩ፤ ካሜራ መጣ!" አለ አንዱ ቀና ብሎ። ፈንታው ይባላል፤ የገዳሙ ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛ ነው።

"አንተን ያነሳ እንደሆነ ካሜራው ለጥገና ይገባል" አለ ከወዲያኛው ጫፍ ሌላው። ሳቁ በመስመሩ ላይ ከሰው ሰው ተላለፈ።

ገዳሙ ማጭዱን አስቀምጦ፣ እጁን በሸሚዙ ጠርጎ መጣ። ከስቷል። ፀሐይ ያጠቆረው ፊቱ ላይ ዓይኖቹ ያው ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ሰው ሲያዩ የማይቸኩሉ። ዛሬ ግን እሷን አይተው ወዲያው ወደ ማሳው ተመለሱ።

"እንደምን አደርሽ? በሰላም ገባሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"ደህና።" የጨበጣት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ በሚሰጠው እጅ ነበር፤ አክብሮት አለው፣ ሌላ ምንም የለውም።

አባቱ ጋሽ ሙላት ከነዶው ሥር ሆነው ተቀበሏት። "ነይ ልጄ። እናትሽ ደህና ናቸው? መንገዱ አልጎዳሽም?" እጃቸውን ስትስም ግንባሯን ሳሟት። ከእሳቸው ያገኘችው ሙቀት ከልጃቸው ያጣችውን አጉልቶ አሳያት።

ሥራዋን ጀመረች። ማጭድ፣ እጅ፣ ጎንበስ ያለ ወገብ፤ ሁሉንም እያነሳች ልቧ ግን መሲ የጻፈችላት ዝርዝር ላይ ነበር። በመጨረሻ ወደ ገዳሙ ጠጋ አለች።

"ነጮ የት ነው?"

ማጭዱ ለአፍታ ቆመ። "ግጦሽ ላይ።"

"ለጥቂት ደቂቃ ከጎሹ ጋር ብትጠምዳቸው… እንዳለፈው።"

"እንዳለፈው?" አላት ቀና ብሎ። ዓይኑን ያኔ ሙሉ በሙሉ ሰጣት። "ከምሳ በኋላ እናያለን" አለና ማጨዱን ቀጠለ።

እሺ ብሎኛል አለች ለራሷ። ግን የእሺታ ደስታ ከየትም አልመጣላትም።

ከማሳው ላይኛው በኩል ጤፉ ወርቅ መስሎ ጉልበት ድረስ ቆሟል። ከታች፣ ወደ ወንዙ ያለው ሰፊ ቁራጭ ግን የተለየ ነበር፤ አጭር፣ ስስ፣ ገና ያልበሰለ አረንጓዴ የቀላቀለ፣ በመሐል አፈሩ የሚታይ። ጥጋቡና ችግሩ ጎን ለጎን መቆማቸው ዓይኗን ስቦት፣ ተንበርክካ ካሜራዋን አነጣጠረች።

"አዎ እታለም፣ እሷን አንሺያት!" አለ ፈንታው። "የራስሽ ናት እኮ!"

ሳቁ እንደገና ተነሳ፤ አሁን ግን አንዳንዱ ሰው አልሳቀም።

"እንዴት የኔ?"

"ስሟን አልነገሩሽም? ፎቶ የበላት ማሳ ነው የምንላት።"

"ፈንታው!" አለ ገዳሙ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

"ተወው፤ ትወቀው" አሉ እትዬ ሥራነሽ። የገዳሙ አክስት ናቸው፤ ጠላውን በጀሪካን ይዘው ከላይ ሲወርዱ ሁሉንም ሰምተዋል። ጀሪካኑን አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ። "ልጄ፣ ነጮ የቀኝ በሬ ነው። ጎሹ የግራ። ከተገሩ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠመዱት፤ በሬ ቦታውን እንደ ሰው ነው የሚያውቀው። በሐምሌ አንድ ቀን ተገልብጠው ተጠመዱ። ጎሹ በማያውቀው በኩል ሲጎትት ቀንበሩ ጫንቃውን ላጠው። አሥራ ስምንት ቀን ቆመ። ዘር በሚዘራበት አሥራ ስምንት ቀን!"

"በዚያ ሰሞን በሬውን የሚያውስ ማን አለ?" አለ ፈንታው። አሁን አይስቅም። "ላይኛውን ያው በቁፋሮም በምንም አደረስነው፤ ይቺ ግን ለነሐሴ አጋማሽ ቀረች። ፎቶው ደግሞ በየስልኩ ይጁቤ ገበያ ድረስ ዞረ። 'የሙላት ልጅ ግራና ቀኙን አያውቅም' ተባለ። ለምን ገለበጥካቸው ብንለው 'እንዲሁ' አለን። እንዲሁ! ለፎቶ ሊያምር እንደሆነማ ጠፍቶን ነው?"

እስከዳር ጉልበቷ አፈሩ ላይ እንደሆነ ቀረች። ያ ጠዋት መጣባት። ብርሃኑ ከግራ ነበር። "ነጩ በሬ ወደ እኔ በኩል ቢሆን እኮ ያምር ነበር፤ እባክህ" ያለችው እሷ ናት። ገዳሙ መሬት መሬት አይቶ፣ ምንም ሳይናገር ቀንበሩን ፈታ። በሬው ራሱን ወደ ላይ ሲያነሳ ኩራት መስሏት ነበር። ግራ ገብቶት ነበር ለካ።

አርባ ሁለት ሺህ ሰው አይቶ ያላየውን ነገር፣ እዚህ ማሳ ላይ ያሉ አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ እይታ አይተውት ነበር። ወደ ገዳሙ ዞረች። አጎንብሶ ያጭዳል። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤ ጀርባውን ማየት ደግሞ ከስድብ የከበደ ሆነባት።

ውኃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ ሲወርድ ተከተለችው። ወንዙ ዳር አንድ የወይራ ዛፍ አለ፤ እዚያ ሥር ቆመ። መከተሏን ያውቅ ነበር።

"ለምን አይሆንም አላልከኝም?"

ጀሪካኑን ውኃው ውስጥ አስተኛው። አየሩ እየወጣ ውኃው ሲገባ ድምፁን ሁለቱም አዳመጡ።

"ለመጀመሪያ ጊዜ የለመንሽኝ ነገር ነበር" አለ። "ከዚያ በፊት ምንም ለምነሽኝ አታውቂም። 'እባክህ' ስትይኝ፣ በሬ መገልበጥ ቀርቶ ወንዙን ወደ ላይ አፍስሰው ብትይኝም የምሞክር ይመስለኛል።"

"ገዳሙ፣ አላወቅሁም እኮ!"

"አለማወቅሽን አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማውቀው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? አምስት ወር! ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልህ። አልደረሱህም?"

"ደርሰውኛል። በቃሌ ነው የማውቃቸው።" ጀሪካኑን አውጥቶ ሣሩ ላይ አቆመው፤ እጁ ይንጠባጠባል። "በመጀመሪያው አሥራ አንድ ሺህ ሰው ወደደው አልሽኝ። በሁለተኛው ሠላሳ ሺህ ደረሰ አልሽኝ። በሦስተኛው አርባ ሁለት ሺህ። ደስ ብሎሽ ነበር፤ ደስታሽ ከወረቀቱ ላይ ይታያል። እኔም ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ሰው ፈለግሁ። ቆጥሬ ቆጥሬ አጣሁት።"

"ማንን?"

"አንቺን" አላት። "አንቺ ወደድሽው ወይስ አልወደድሽውም? አንድም ቦታ አልጻፍሽም። እኔ እኮ እርፉን ይዤ የቆምኩት ለአርባ ሁለት ሺህ ሰው አይደለም።"

ቢቆጣት ኖሮ እስከዳር መከላከያ ነበራት፤ ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጀችም። እንባዋ ሳታስበው ወረደ፤ ልትጠርገውም አልሞከረች።

"አልወደውም" አለች በመጨረሻ። "ያንን ፎቶ አልወደውም። ሰው ሁሉ ሲወደው እኔ ለምን እንደማልወደው አላውቅም ነበር። ሰው የወደደውን አልወድም ማለት ፈራሁ። የምወደው ሌላ ነው።"

ከቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ትንሿን ፎቶ አውጥታ ሰጠችው። እጁን ሱሪው ላይ አደራርቆ ተቀበላት። ፎቶው የተነሳው ከሩቅ ነው፤ ትንሽ ደብዝዟል። ገዳሙ ጎንበስ ብሎ፣ መዳፉን በቀንበሩና በጎሹ ጫንቃ መሐል አስገብቶ፣ ግንባሩን በሬው ላይ ሊያስደግፍ ምንም አልቀረውም።

"ይህን መቼ አነሳሽው?"

"ካሜራዬን ላስገባ ስል። ሥራው ካለቀ በኋላ። ቁም አላልኩህም፣ ዞር በል አላልኩህም። ስታባብለው መስሎኝ…" አለች ፎቶውን እያየች። "አምስት ወር ሙሉ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። ይህ ሰው የወደደውን ሲነካ እንዲህ ነው የሚነካው እያልኩ።"

ገዳሙ በፎቶው ላይ ያለውን የራሱን መዳፍ በጣቱ ነካ።

"ደም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ቀንበሩ ቁስሉን እንዳይነካበት ነው እጄን ያስገባሁት።"

እስከዳር ፎቶውን ተጠግታ አየችው። መዳፉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ለካ ጥላ አልነበረም። ስንት ሌሊት ጥላ ነው ብላ የሳመችው የእሷው ጥፋት ነበር። ገዳሙ ግን ፎቶውን አልመለሰላትም። በሁለት እጁ ይዞት ቆመ፤ የእሷም ልብ በዚያ በሁለት እጁ መሐል ያለ መሰላት።

ምሳ ከመቅረቡ በፊት እስከዳር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወጣችና ለመሲ ደወለች።

"አሥራ ሁለቱን ፎቶ አላመጣም። ለአዲስ አበባዎቹ ይቅርታ በይልኝ።"

"አብደሻል? ምን ነካሽ?"

"ያ ፎቶ ውሸት ነው፣ መሲ።"

"እሺ ውሸት ይሁን! ማን ያውቃል?"

"በሬው ያውቃል።" እስከዳር ወዲያው ቀጠለች። "አሁን የምልሽን ከፎቶው ሥር ጻፊልኝ። 'በሬዎቹ ተገልብጠው ነው የተጠመዱት። አስገልብጬ ያስጠመድኳቸው እኔ ነኝ። ገበሬው ግራና ቀኙን ያውቃል።' ሌላ ምንም አትጨምሪ።"

"ይሰድቡሻል እኮ።"

"ይስደቡኝ" አለች። ይህን ብላ ስልኩን ስትዘጋ፣ ለወራት ደረቷ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነስቶ እንደሄደ ተሰማት። ገጿ ላይ ያለው ሰው ቢሰድብ ለቀን ነው። የሚከብዳት ከጉብታው በታች ያሉትን አሥራ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ማየቱ ነበር።

ስትመለስ ሰዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ሙላት ሊመርቁ ሲነሱ እስከዳር መሐል ገባች።

"ጋሽ ሙላት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከምርቃቱ በፊት አንድ ነገር ልናገር።"

"ተናገሪ ልጄ።"

"በሐምሌ በሬዎቹን ገልብጦ የጠመደው ገዳሙ ሊያምር ፈልጎ አይደለም። እኔ ነኝ ገልብጥልኝ ያልኩት። ለብርሃኑ ብዬ። አለማወቄ ነው፤ ግን አለማወቄ ማሳ በላ፣ የሰው ስም በላ። በእናንተ ፊት ስለተዋረደ በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ጋሽ ሙላት ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እኔን እኮ ቀንበሩ አርጅቶ ነው ብለኸኝ ነበር። አዲስ ቀንበር ጠርቤልሃለሁ!"

"አዎ አባባ።"

"ደህናውን ቀንበር አስጥለህ!" አሉ። ግን ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ገዳሙ ትንሿን ፎቶ አቀበላቸው። ከዓይናቸው አርቀው፣ አቅርበው፣ እንደገና አርቀው አዩት። "ይሄ ጎሹ ነው" አሉ። "ታሟል። ይሄም ልጄ ነው።" ፎቶውንም ቶሎ አልመለሱም።

"በድሮ ጊዜ" አሉ እትዬ ሥራነሽ፣ "የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነበር ይቅር በሉኝ የሚለው።"

"ድንጋይ ምን ያደርግልናል?" አለ ፈንታው። "ማጭድ ትያዝ እንጂ! ያስጎደለችውን እሷው ትጨደው። ወንፈል በወንፈል ነው የሚመለስ!"

ሳቁ አሁን ሁሉንም አዳረሰ። እስከዳርም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ጋሽ ሙላት መረቁ፤ የጎደለው እንዲሞላ፣ የተጣመደው እንዳይላቀቅ። ሁለተኛውን ሲሉ ወደ ማን እንዳዩ ሁሉም ሰው አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ምሳው ሲያበቃ እስከዳር ጋቢውን ከፌስታሉ አውጥታ ጋሽ ሙላት ትከሻ ላይ አደረገችው።

"ለማን ተብሎ መጥቶ ነው?"

"ለፎቶ ነበር የመጣው። አሁን ለብርድ ነው።"

"ለብርድስ ደህና ነው" አሉ ጫፉን በጣታቸው እየሞከሩ።

ከሰዓት በኋላ ካሜራው የወይራው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቀለ። ገዳሙ የራሱን ማጭድ ሰጣት፤ እንዴት እንደሚጨበጥ ጣቶቿን አንድ በአንድ አስተካከለላት። ስሷን ማሳ ጎን ለጎን ሆነው ያዟት። እስከዳር አንድ ጭብጥ ስትቆርጥ እሱ አምስት ይቆርጣል።

"እታለም!" አለ ፈንታው ከላይ። "ጤፍ ነው እንጂ የሙሽራ ፀጉር አይደለም፤ አታስተካክይው፣ ቁረጪው!"

መዳፏ ውኃ ቋጠረ። ወገቧ አልቀና አለ። ያ ስስ ጤፍ ከአፈሩ አንዷም ሳትቀር ስትለቀም፣ ገዳሙ ሐምሌን ሙሉ እዚህ ቆሞ ሰማዩን ሲያይ ታያት። አርባ ሁለት ሺህ ቁጥር ነው። አንድ ጭብጥ ጤፍ ግን እጅ ላይ ይመዝናል።

"እናትሽስ?" አላት ገዳሙ፣ ሳያያት።

"ገበሬ በፎቶ ያምራል ነው የምትለው።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"የማውቀው ገበሬ በፎቶ አላማረም ልላት ነው። በፎቶ ግራና ቀኙ ተገለባብጦበታል። መጥተሽ በዓይንሽ እይው እላታለሁ።"

ገዳሙ ሳቀ። ከመጣች ጀምሮ ሳቁን ስትሰማው ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ስታስበው ከነበረው ሳቅ ይልቅ ወፍራም ነበር።

"የዛሬው ወንፈል ተመለሰ" አላት። "ጥር ላይ ግን ውቂያ አለ።"

"ለውቂያው ማንም አይከለክለኝም?"

የራሱን ቃል መልሳ ስትሰጠው ፊቱ ቀላ። ማጭዱን አስቀምጦ ዞረ። "እኔ እኮ ስጽፈው 'ነይልኝ' ብዬ ነበር መጀመሪያ። ቀደድኩት። ወረቀቱ ግማሽ የሆነው ለዚያ ነው።"

እስከዳር ስለዚያ ስለጎደለው የወረቀት ግማሽ እያሰበች ቀሪዋን ጤፍ ጨረሰች።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ ኮረብታ ስታዘነብል ገዳሙ የመጨረሻውን ሸክም በትከሻው አነሳ። ብርሃኑ ከጎኑ መትቶት ነዶው፣ ላቡ፣ የተቀደደው የሸሚዙ ክንድ ሁሉ ያበራ ነበር። እስከዳር ካሜራውን ከወይራው አወረደችና፣ ውኃ በቋጠረው መዳፏ እያመማት፣ ዓይኗን አስጠጋች። እንዲያው የልማድ ነገር ሆኖባት አፏ ቀደማት።

"ገዳሙ፣ እባክህ ትንሽ ወደ ፀሐይዋ ዞር በል።"

ቆመ። ወደ ፀሐይዋ አየ። ትከሻው ላይ ወዳለው ሸክም፣ ሸክሙ ወደሚሄድበት ወደ ክምሩ፣ ከዚያም ወደ እሷ አየ። ዓይኑ ውስጥ አሁን ምንም የተደበቀ ነገር አልነበረም።

"አይሆንም" አላት።

እስከዳር ካሜራውን ዝቅ አደረገች። አምስት ወር ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ አንድ ቃል ስትጠብቅ ከርማለች፤ የትኛው ቃል እንደሆነ ግን እስከዛሬ አታውቅም ነበር። እሱ መንገዱን ቀጠለ፤ እሷም ሳታነሳው፣ ደረቷ እስኪሞላ ድረስ፣ ቆማ አየችው።